ሁለት ቀን የዘገየችው ጨረቃ

ማሾ በምንለቅምበት መጋዘን ስለ ልጄ ብዙ ይወራ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው ጎረቤቴ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። አፏ ለማንም አይመለስም።

«እኔ የምልሽ፣» አለችኝ አንድ ቀን በሰፌዷ እያበጠረች፣ «ልጅሽ ነሐስ ስትሞርድ ነው አሉ የምትውለው። ጠይብ ልታደርጊያት ነው?»

«ሥራ ነው እትዬ። ስርቆት አይደለም።»

«ሥራማ ሥራ ነው። ግን ሽማግሌ የሚልክ ሰው በር ላይ ደርሶ ሞረድ ሲሰማ ይመለሳል።»

«ሞረድ ሰምቶ የሚመለስ፣ ጅብ ሲሰማማ ጥሏት ይሮጣል። ይቅርባት።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እነሱ የማያውቁት፣ ያ የሞረድ ድምፅ ለእኔ የሰላም ድምፅ መሆኑን ነበር። ከመጋዘን ስመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ጆሮዬን አቆማለሁ። ከጓሮ ክርር ክርር የሚል ከተሰማኝ ልጄ ቤት ናት። ካልተሰማኝ ስሟን እየጠራሁ እሮጣለሁ።

የምፈራው እዚህ ሸዋ ሮቢት ሴት ልጅ ያላት እናት ሁሉ የምትፈራውን ነው። ከሰፈራችን የሄዱትን ልጆች በየቤታቸው በር እቆጥራቸዋለሁ። አንዷ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጥታ ጀሪካኗ ቦኖው አጠገብ ተገኘ። አንዷን እናቷ «ልትሄጂ ነው የሚሉት እውነት ነው?» ብላ ብትጠይቃት በማግስቱ አልነበረችም። መንገዳቸው አንድ ነው፤ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። ከደረሱት ፎቶ ይመጣል፤ ካልደረሱት ምንም አይመጣም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ካርታ ማንበብ አልችልም። ይህን መንገድ ግን ከቦታ ቦታ አውቀዋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ ስሄድበት ስለኖርኩ።

ልጄ አንድ ናት። አባቷ ገና በእግሯ መሄድ ሳትጀምር ሞተብን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትወድቅ ብቻዋን አልነበረችም፤ ያለፈ ሰው ማግኘት ነበር የሚቸግረው። እሷ ግን ብቻዋን እንደወደቀች አደረገችው። ሁለት ሳምንት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ያን ጊዜ መታወቂያዋን ከሣጥኗ አውጥቼ ከፍራሼ ሥር ደበቅሁት። በበረሃ የሚሄድ ሰው መታወቂያ እንደማይጠየቅ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ከተኛችበት ያነሷት የብየዳ ቤቱ ባለቤት ናቸው። የባሌ ጓደኛ ነበሩና ጋሼ እያልኩ ነው የማወራቸው። በርና መስኮት ይሠራሉ። «ብረት ታቀብለኝ፣ ቢያንስ ፀሐይ ታያለች» አሉኝ። ብረት ከማቀበል ወደ መለካት፣ ከመለካት ወደ መቁረጥ አለፈች። ከወንዶቹ ይልቅ እጇ አይንቀጠቀጥም ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው።

«እማ፣ ይቺን እዪ።»

ያየሁት አረንጓዴ ዝገት የበላው ስብርባሪ ነው። ድንጋይ ይመስላል።

«ምንድን ነው?»

«ከግሪክ አገር ባሕር ሥር፣ ከሰጠመ መርከብ የወጣ መሣሪያ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖታል። ውስጡን በራጅ ሲያነሱት ማርሽ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ ጥርስ በጥርስ። እጀታውን ስታዞሪው ፀሐይ የት እንዳለች፣ ጨረቃ የት እንዳለች፣ ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን ይነግርሻል። እማ፣ እሠራዋለሁ።»

«ጨረቃን ወጥተን እናያት የለ እንዴ?»

«ይኼ ከመውጣቷ በፊት ነው የሚነግርሽ!»

«ምነው ሽንኩርት መቼ እንደሚወደድ የሚናገር ቢሆን» አልኳት። ሳቀች። ከፈተናው ወዲህ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እንኳን የግሪክ መሣሪያ፣ ሰማይ ላይ የሚያወጣ መሰላል እሠራለሁ ብትለኝም እንጨት እፈልግላት ነበር።

ነሐስ ግን ከየት ይመጣል? ጋሼ ያረጀ የላምባ ምድጃ ሆድ ሰጧት፤ ቀጥቅጣ ዘረጋችው፤ ለትንንሾቹ ማርሾች በቃ። ለትልልቆቹ አልበቃም። እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝ ሰፊ የነሐስ ትሪ ነበረኝ፤ በዒድ ቀን ብቻ ነበር ከተሰቀለበት የማወርደው። አውርጄ ፊቷ አስቀመጥኩት። አየችኝ፤ ትሪውን አየችው።

«አይሆንም እማ።»

«አያትሽ ብትኖር እሷ ራሷ መቀሱን ትይዝልሽ ነበር።»

ውሸቴን ነው። እናቴ ብትኖር ጩኸቷ ማጀቴ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር።

መሥራት እንዲህ ነበር። የማርሹን ሥዕል በስልኳ ትሠራና ፎቶ ኮፒ ቤት ታሳትመዋለች። ወረቀቱን ነሐሱ ላይ ትለጥፋለች። መስመሩን ተከትላ በብረት መጋዝ ትቆርጣለች፤ ከዚያ ጥርስ በጥርስ መሞረድ። ጨረቃዋን የሚነዳው ዋናው ማርሽ መቶ ሃያ ሰባት ጥርስ ነበረው። በምንም የማይከፈል ቁጥር ነው አለችኝ። በኮምፓስ ግማሽ፣ ሩብ እያሉ መድረስ አይቻልም፤ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ይሳሳታል። የመጀመሪያውን ወረቀት በዱቄት ሙጫ ለጠፍነው፤ ሙጫውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። እርጥበቱ ወረቀቱን ለጠጠውና የመጨረሻው ጥርስ ከሌሎቹ ወፍሮ ወጣ። ነሐሱ ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ በሱፐር ግሉ ነበር የምትለጥፈው፤ ያችን የወፈረች ጥርስ ግን ከልቧ አላወጣቻትም። ነገር በተበላሸ ቁጥር «ማርሹ ነው፣ ጥርሱ ነው» ትል ነበር።

ስትጨርስ ቁጥሩን እኔ አረጋግጥላት ነበር። እሷ ዓይኗ ይደክማል፤ እኔ ደግሞ መቁጠር ይጠፋብኛል። ስለዚህ አንድ ጥርስ በጣቴ በነካሁ ቁጥር አንድ ፍሬ ማሾ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። ከዚያ ማሾውን አሥር አሥር እያደረግን እንቆጥራለን። ለማሾማ እጄ የሠለጠነ ነው።

ቀለበቱን የሠራች ዕለት ደግሞ እየሮጠች መጣች። መሣሪያው ፊት ላይ የዓመቱ ቀናት የተጻፉበት ክብ ቀለበት አለ። ጥንት የተጻፉበት ወሮች የግብፆች ናቸው አለችኝ፤ አሥራ ሁለት ወር፣ ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ትርፍ።

«ጳጉሜ አላቸው በይኛ!»

«ጳጉሜ አላቸው እማ! እኛ እኮ ነን!»

በእነሱ ፋንታ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ብላ በምስማር ቀረጸችበት። ፀሐይዋ በየቀኑ አንድ ጭረት ትራመዳለች። ጨረቃዋ ከተሰበረ ጨሌዬ የወጣች ነጭ ዶቃ ናት፤ ግማሿን በጥፍር ቀለም ጥቁር ቀባቻት። ማርሹ ሲዞር ዶቃዋም በራሷ ላይ ትዞራለች፤ ነጩ ሲመጣ ሙሉ ጨረቃ፣ ጥቁሩ ሲመጣ የጠፋች ጨረቃ።

የረመዳን መጨረሻ ማታ ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ ነበር። ጨረቃዋን ከትክክለኛው ቀን ማስጀመር ብቻ ነበር የቀረው። ሬዲዮ ቢናገርም እኛ ሰፈር ጨረቃ በዓይን ካልታየች ሰው አይረካም። ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሜዳው ላይ ወጥተን ወደ ተራራው፣ ወደ ፀሐይ መግቢያ አንጋጠጥን። ሕፃናቱ «ታየች! ታየች!» ብለው ሲጮኹ ልጄ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቤት ሮጠች። ስደርስ ዶቃዋን ጥቁሩን ፊት አድርጋ ብሎኗን እያጠበቀች ነበር።

«አዲስ ጨረቃ!» አለችኝ። «ዜሮ ላይ ናት!»

ወር የሚገባው ጨረቃ ስትታይ ነው። እናቴም እንዲያ ታውቅ ነበር፣ መስጊዱም፣ ሰፈሩም። ማናችንም ሌላ አላሰብንም።

የወሩ አጋማሽ ላይ ጨረቃ ከአፋር በኩል ሙሉ ሆና ወጣች፤ ዶቃዋ ግን ገና ጥቁር ጠርዝ ነበራት። ሙሉ ነጭ የሆነችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ልጄ ምግብ መብላት ተወች። ፈታችው፤ ቆጠርን፤ ልክ ነው። ሞረደችው፤ ባሰበት። በቃ ማርሹ ነው ብላ ከትሪው በቀረው ነሐስ ሌላ መቶ ሃያ ሰባት ጥርስ ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚያው ሰሞን መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፤ ብረት ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ ጋሼ ብየዳ ቤቱን ግማሽ ቀን ብቻ ይከፍታሉ። እሷ ጓሮ ውስጥ በዚያ ሙቀት ቁጭ ብላ ትሞርዳለች። ላቧ ነሐሱ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ። በሆዴ ግን አልሐምዱሊላህ እላለሁ። አያልቅባት እላለሁ።

ሁለተኛውን ማርሽ የሰኔ ጨረቃ በታየችበት ማታ ገጠመችው። እንደ ፊተኛው፣ ሰው «ታየች» ሲል። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ሰማዩ በደመና ተከደነ።

አንድ ቀን ከመጋዘን ስመለስ ሞረዱ ዝም ብሏል። ልጄ ደጃፍ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አለቀ?» አልኳት።

«አለቀ» አለችኝ።

«ልክ ሆነ?»

ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም ደከማት ብዬ ተውኳት። በማግስቱ እንዴት እንደሚዞር አሳየችኝ። «አንቺ አዙሪው ከፈለግሽ» አለች። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ፀሐይዋን አንድ ጭረት ማራመድ፣ ዶቃዋን ማየት፤ ሥራዬ አደረግሁት። እሷ ዞር ብላም አታየውም። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ አስፈራኝ። ሥራ ያለው ሰው አይሄድም፤ የጨረሰ ሰው ግን ምን ይይዘዋል?

ሐምሌ ሲገባ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ ከአጥሩ ጥግ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

«ጨረቃ ስትጠፋ አይደል የምንወጣው? … እሺ። … አይ፣ እሷ አታውቅም።»

እርጥቡ ልብስ ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና እንደገና አጠብኩት፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ልጠይቃት አልቻልኩም። የጠየቀች እናት ምን እንደደረሰባት ነግሬያችኋለሁ። ወደ ጋሼ ሄድኩ። በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ።

«ደብረ ብርሃን ብረት ላመጣ ነገ እወጣለሁ» አሉኝ። «ረቡዕ እመለሳለሁ። መቅረት አልችልም፤ ያለ ብረት ምን ብዬ አናግራታለሁ? ብረቱን ይዤ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምሬ እመጣለሁ። የብየዳ ቤቱን ግማሽ ተረከቢ እላታለሁ። ዕድሜዬም ሄዷል፣ እውነቴን ነው። ጨረቃዋ የምትጠፋው መቼ ነው?»

ቤት ሄጄ ሲመሻሽ መሣሪያውን አየሁ። ቀኑን ወደፊት አዙሬ አየሁት፤ ጥቁሩ ሙሉ የሚሆነው ሐሙስ ነበር። መልሼ ወደ ቦታው አመጣሁት። እሳቸው ረቡዕ፣ ጨረቃዋ ሐሙስ። ይደርሳል። ወላሂ፣ ያን ማታ ልጄን መልሶ የወለደልኝ ያ ነሐስ መሰለኝ፤ ቀኑን አስቀድሞ ነገረኝ ብዬ ሳምኩት። ስልክ ደውዬ «ረቡዕ ይበቃል ጋሼ፣ በሰላም ይመለሱ» አልኳቸው።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው አላህ ያውቃል። መጋዘን ቀረሁ፤ ወገቤን አሞኛል አልኩ። እሷ ውኃ ስትቀዳ ተከተልኳት። «ምነው እማ፣ ጥላዬ ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ፀጉሯን ሠራሁላት። በየማለዳው ዶቃዋን አያለሁ፤ ነጩ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ ሆነ። ሰማዩ ላይ ላመሳክር ብል ደመና ብቻ ነው። ማክሰኞ ማለዳ ነጩ ገና ነበር። ገና ሁለት ቀን አለኝ ብዬ ልቤ ረጋ አለ። «ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሼ ልምጣ» ስትለኝ «ቶሎ ነይ» አልኳት።

ለምሳ አልመጣችም። ለዐስር ሰላትም አልመጣችም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዝግ ነው። ስልኳ ዝግ ነው። መናኸሪያ ሮጬ ሄድኩ፤ በየባጃጁ አንገቴን እያስገባሁ ጠየቅሁ። አንዱ የባጃጅ ልጅ ብቻ «ሻርፕ የተከናነቡ ሦስት ልጆች ከከተማው መውጫ አድርሻለሁ፣ እናቴ። ከዚያ ፒክ አፕ ነው የጫናቸው» አለኝ። መንገዱ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ደግፈው ወደ ቤት አመጡኝ።

ጋሼ ረቡዕ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ብረታቸውን ጭነው ነበር የመጡት። እኔን ሲያዩ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ሐሙስ ማታ ከመግሪብ በኋላ ነፋስ መጣና ደመናው በተራራው በኩል ተሰነጠቀ። ውጭ ነበርኩ። ሕፃናቱ ናቸው ያሳዩኝ፤ ተራራው ጫፍ ላይ ቀጭን ጨረቃ፣ አዲስ። ወደ ቤት ገብቼ ዶቃዋን አየሁ። ድፍን ጥቁር ናት።

መሣሪያው ጨረቃ የለችም ይላል፤ ጨረቃ ግን ውጭ አለች። ከታየችማ አልጠፋችም። የምትጠፋው ከመታየቷ በፊት ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ምዕራባችን ተራራ ነው፤ ሌላው አገር ካያት በኋላ ነው እኛ የምናያት። ልጄ ዶቃዋን ጥቁር ያደረገችው «ታየች» ሲባል ነው፤ ሁለት ጊዜም። እኛ ወር ገባ የምንልበትን ማታ፣ መሣሪያው ጨረቃ የጠፋችበት ቀን አድርጎ ያዘው። ጥርሱ ልክ ነበር። ሰኞና ማክሰኞ ነበር ጨለማው፤ እኔ ደግሞ ገና ሁለት ቀን አለኝ ብዬ ቁጭ ብዬ ፀጉር ስሠራ ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ ያን ሰሞን አልተለየችኝም። እሷ ነበረች እንጀራ በአፌ የምታደርግልኝ። አንድም ጊዜ ስለ ሞረድ አልተናገረችም።

ስልኬ ሲደወል ከእሷ ጋር ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እማ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። አታልቅሺ፣ ስልኩ የሰው ነው።»

«የት ነሽ? የት ነሽ የኔ እናት?»

«ባሕሩ ጋ። ጀልባ እየጠበቅን ነው።»

ለዚህች ደቂቃ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ጡቴን፣ አባቷን፣ ሞቴን ልጠራባት ነበር። ሁሉም ከአፌ ጠፋ።

«ማርሽሽ ልክ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ማርሽሽ ልክ ነው። የመጀመሪያውም ልክ ነበር። የተሳሳትነው ስንጀምር ነው። ዶቃዋን ጥቁር ያደረግሽው ጨረቃ በታየች ማታ ነው። ከታየች ጠፍታ አይደለችም እኮ። ሁለት ቀን ቀድማ ነው የምትጠፋው።»

በስልኩ ውስጥ የባሕሩ ነፋስ ይጮኽ ነበር።

«ሁለተኛውንም አይቼው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሰኔ ላይ ደመናው የተገለጠ ጊዜ። እንደገና ዘግይቶ ነበር። አልነገርኩሽም። ፈተናውንም ወደቅሁ፣ ይኼንንም ወደቅሁ፣ የአያቴንም ትሪ ጨረስኩ አልኩ። ለዚያ ነው…» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ቆይ፣ እማ። በዚያው ልክ ነበር የዘገየው። ሁለቱም እኩል! ማርሹ ቢሆን ኖሮ እኩል አይሆንም ነበር። እኔ ደደብ! ሁለቱም እኩል!»

ሳቀች። እዚያ ባሕር ዳር፣ ማን እጅ እንዳለች ሳላውቅ፣ ልጄ ሳቀች።

«ስሚኝ እማ፣ ቀላል ነው» አለች በጥድፊያ። «ጀርባውን ክፈቺው። ጨረቃዋን የያዘች ትንሿ ብሎን አለች። ወደ ግራ ላላ አድርጊያት። ፀሐይዋ እንዳትንቀሳቀስ በአውራ ጣትሽ ያዢ። ጨረቃዋን ብቻ ሁለት ቀን ወደፊት…»

«አልነካውም።»

«ቀላል ነው እኮ።»

«ቀላል ከሆነ መጥተሽ አስተካክዪው።»

«እማ…»

«ተሳስቶ ይቀመጣል። እስክትመጪ ድረስ ተሳስቶ ይቀመጣል። ጋሼ ብየዳ ቤቱን ግማሽ ሰጥተውሻል። ብረትም መጥቷል። ነይ።»

«የሚመልስ መኪና የለም እማ። ያመጣን መኪና ሄዷል። ሰዎቹ እኮ…»

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያውን በየማለዳው ከነስሕተቱ አዞር ነበር። ጋሼ አንድ ቀን ካቻቢቴ ይዘው መጡ።

«ብሎኗን ልፍታት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው» አሉኝ።

«አይንኩት ጋሼ።»

«የተሳሳተ ነገር አስቀምጦ ማየት ምን ይጠቅምሻል?»

«እዚህ የቀራት ሥራ አለ ማለት ነው።»

«ልጅቷ እኮ በሰው እጅ ናት። መመለስ በእሷ አልሆነም። እልሁ ማን ላይ ነው?»

«እልህ አይደለም» አልኳቸው። ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሲወጡ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

በየቀኑ ተስፋዬ እሱ ብቻ ነበር። ጀልባው ይሙላባት፣ ሰዎቹ ይጣሉባት፣ ትታመም እንኳ፣ ግን ትመለስ። ስሕተቱ ይጠራት። የማርሽ ስሕተት አይታ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። ታዲያ እንዴት ትተወዋለች?

ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ ድምጿ ከሩቅ ነበር።

«ተሻገርኩ እማ። የመን ነኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ከእንግዲህ በእግር ነው። ወደ ድንበሩ። ጠባቂዎቹ እንዳያዩን ጨረቃ ስትጠፋ ነው የሚያሻግሩን። ተራችን ይቺ የአሁኗ ጨረቃ ስትጠፋ ነው። ዱዓ አድርጊልኝ። ስልክ የለኝም ከዚህ በኋላ።»

«መቼ ነው? ቀኑን ንገሪኝ።»

«አላውቀውም እማ። እዚህ ቀን ማንም አይነግረንም። አስተካከልሽው?»

«አልነካሁትም።»

«አስተካክዪው» አለችኝ። አልተቆጣችም። እንደ ሕፃንነቷ ነው የለመነችኝ።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ መሣሪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጀርባውን ከፈትኩ። ጥርሶቹን በቅርብ ሳያቸው እያንዳንዱ ላይ የሞረዷ ጭረት አለ። ብሎኗን ወደ ግራ አላላሁ፤ ሁለት ጊዜ ሳትኩ። ፀሐይዋን በአውራ ጣቴ ያዝኩ። ከዚያ ጨረቃዋን ወደፊት ገፋሁ፤ ሁለት ቀን። ጥቁሩ ሁለት ቀን ቀረበ። ብሎኗን አጠበቅሁ።

ድንበሩ ላይ በሰው ላይ የሚሆነውን ሰምቻለሁ። ከዚያ የተመለሱ የሚያወሩትን፣ ያልተመለሱትን ደግሞ እናቶቻቸው የሚያወሩትን። እዚያ የምታበራ ጨረቃ ጠላት ናት። እዚህ ሳለች ጥቁሩን ዶቃ እንደ ሞት እፈራው ነበር፤ አሁን በየማለዳው ነጩ ቶሎ እንዲያልቅ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። እትዬ ትናንት አጠገቤ ተቀምጣ እሷም ጎንበስ ብላ አየች። «ይቺ ነጯ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ አብረን ዱዓ አደረግን፤ ሁለት አሮጊቶች፣ ጨረቃ እንድትጠፋ።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ነው። ጥቁሩ ሙሉ የሚሆነው ሰኞ ነው። ዶቃዋ ላይ የቀረው ነጭ ቀጭን ነው፤ ግን አለ። ደመናም እለምናለሁ።